ቤት የተሠራ ቸኮሌትና የባሌ ዝውውር

እኔ የምለው፣ መሥሪያ ቤት ውስጥ «ይሄማ ቤትም ይሠራል» ብሎ መናገርን ማን ይሆን የጀመረው? እኔ አልጀመርኩትም። ግን ተናገርኩት። ስለዚህ ምክሬን ከወዲሁ ልስጣችሁ፤ ቢሮ ውስጥ የምትችሉትን ነገር አትናገሩ። የማትችሉትንማ ጭራሽ አታንሱት።

እኔ ቦንጋ ተወልጄ ቦንጋ ያደግሁ ነኝ። ስሙን በማልጠራው አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ የፍራፍሬ ባለሙያ ሆኜ እሠራለሁ። የፍራፍሬ ባለሙያ ሲባል ታዲያ ዛፍ ሥር የምውል እንዳይመስላችሁ። የምውለው ሪፖርት ሥር ነው። ማንጎ የማየው ብዙውን ጊዜ በሠንጠረዥ ውስጥ ነው፤ እዚያ ደግሞ ሁልጊዜ እንደበሰለ ነው።

ከእኔ ጠረጴዛ ፊት ለፊት ሰላም የምትባል ልጅ ትቀመጣለች። ከአዲስ አበባ ተመድባ የመጣች ናት። ጥሩ ልጅ ናት፣ ሐሜት እንዳይሆንብኝ። ብቻ አዲስ አበባ ደርሳ በተመለሰች ቁጥር ያመጣችውን እንድናደንቅላት ትፈልጋለች። አንድ ሰኞ ጠዋት ታዲያ አንድ የሚያምር ካርቶን ከፈተች። ውስጡ ክብ ክብ ጥቋቁር ነገሮች ተደርድረዋል። ከፍየል በጠጥ ተለቅ ይላሉ። ይቅርታ፣ ግን ሌላ ምን ይመስላሉ ልበላችሁ? «ትሩፍል ይባላል፤ ቸኮሌት ነው፣ ውስጡ ፍራፍሬ አለው» አለችን። አንዷን አፌ ውስጥ ስጨምራት ቀለጠች። መሀሏ ላይ የሚያስደስት ኮምጣጣ ነገር አለ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ በጣም ጣፈጠኝ። ሰው እንግዲህ ሲጣፍጠው «ይጣፍጣል» ብሎ ዝም ይላል። እኔ ግን ትከሻዬን ነቅነቅ አድርጌ «ይሄማ ቤትም ይሠራል» አልኩ።

ውሸቴንም አልነበረም። አሠራሩን ስልኬ ላይ አይቼው ነበር። አንዲት ጥፍሯ የጸዳ ፈረንጅ፣ አንድም ዕቃ በማይዝረከረክበት ኩሽና ውስጥ፣ እየሳቀች ትሠራለች። እኔ ያየሁት እግሬን ዘርግቼ ነበር። ያ ማለት ግን እችላለሁ ማለት አይደለም። ኳስ የሚያይ ሁሉ ተጫዋች ነው እንዴ?

ዞር ስል ኃላፊያችን ጋሽ ወልዴ በር ላይ ቆመዋል። እሳቸው ሁልጊዜ የሚገኙት በር ላይ ነው፤ ወንበራቸው ላይ ፈልጎ ያገኛቸው ባለጉዳይ ግን የለም።

«ሙሉ፣ ይሠራል ነው ያልሽው?» አሉኝ።

«አዎ፣ ጋሽ ወልዴ» አልኩ። ከዚህ በኋላ ወደ ኋላ መመለስ እንዴት ይቻላል?

ከላይ እንግዶች ሊመጡ ነው አሉኝ። ከላይ ሲባል ከሰማይ ማለት አይደለም፤ እኛ መሥሪያ ቤት ግን ልዩነቱን አጥርቶ የሚያውቅ የለም። እንግዶቹ «በፍራፍሬያችሁ ላይ ምን እሴት ጨመራችሁ?» ብለው ይጠይቃሉ። ጋሽ ወልዴ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እስካሁን የጨመርነው ወንበር ብቻ ነው» አሉ። ከዚያ ዙሪያውን ቃኘት አደረጉና «ይሄን ነገር አሳምሪልኝ፣ የአሥራትንም ጉዳይ እንጨርሰዋለን» አሉኝ።

እዚህ ላይ ስለ አሥራት ካልነገርኳችሁ ነገሩ አይገባችሁም። አሥራት ባሌ ነው። የቡና ባለሙያ ነው፤ የተመደበው ቢታ ገነት የሚባል ሩቅ ወረዳ ነው። ከተጋባን ሦስት ዓመታችን ነው። አብረን ያሳለፍናቸው ቀናት ግን ቢደማመሩ አንድ የክረምት ዕረፍት አይሞሉም። በየአሥራ አምስት ቀኑ ቅዳሜ ከሰዓት እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ ይደርሳል። ልብሱን አጥባለሁ። እሑድ ሳይደርቅለት ለብሶት ይመለሳል። ባሌን የማውቀው በእርጥብ ሸሚዝ ነው። ይናፍቀኛል፤ እንዲህ በግልጽ ስናገረው ሰው ይስቅብኛል፣ ይሳቅብኛ። ወደ ቦንጋ ለመዛወር ያስገባው ማመልከቻ ጋሽ ወልዴ ጠረጴዛ ላይ ነበር። ጫፉ ላይ በቀይ እስክርቢቶ «ይታያል» ብለው ጽፈውበታል። እሳቸው «ይታያል» ያሉትን ነገር ደግሞ እስከ ዛሬ ያየው የለም።

እንግዲህ አስቡት። በአንድ በኩል የምወደው ባሌ አለ፣ በሌላ በኩል ሠርቼው የማላውቅ ቸኮሌት አለ። እንዴት እንቢ ልበል?

በማግሥቱ ኮሚቴ ተቋቋመ። የአቀባበል ኮሚቴ፣ የባነር ኮሚቴ፣ የመስተንግዶ ኮሚቴ። እኔ በአንዱም ውስጥ የለሁበትም፤ ምክንያቱም ሥራውን የምሠራው እኔ ነኝ። ባነሩ ላይ ምን ይጻፍ በሚለው ላይ ብቻ ሁለት ግማሽ ቀን ተሰበሰቡ። ቀኑን ሲወስኑም የሐበሻውንና የፈረንጁን አመሳክረው፣ ከሌላ ስብሰባ ጋር እንደማይጋጭ አረጋግጠው፣ ቃለ ጉባኤ ተፈራርመው ነው። ከሳምንቱ ቀናት የትኛው ላይ እንደሚውል ግን የጠየቀ የለም። እኔም አልጠየቅሁም። እኛ ቤት ጴንጤዎች ነን፤ ሮብም ሆነ ሐሙስ ለሆዳችን አንድ ነው። ይህችን ነገር ያዙልኝ።

አንድ ጥያቄ ግን አልለቀቀኝም። ቸኮሌቱ የሚመጣው ከባሕር ማዶ ነው። አዲስ አበባ ያድራል፣ ጅማ ላይ መኪና ይቀይራል፣ ቦንጋ ሱቅ ይገባል። እኛ እንጆሪ እንወሽቅበትና የካፋ ምርት ነው እንላለን። እንዲህ ከሆነ እሴት የጨመርነው እኛ ነን ወይስ ሹፌሩ? ይሄንን ስጠይቅ ጋሽ ወልዴ «የባለሙያ አስተያየትሽን በጽሑፍ አቅርቢ» አሉኝ። ለእንግዶቹ የተገዛው ቡና ደግሞ በፓኬት የሚመጣው፣ ሙቅ ውኃ ላይ የሚበተነው ነው። ቡና በገዛ ፈቃዱ በሚበቅልበት አገር ለምን ይሄ ሆነ ብል «ቶሎ ይደርሳል» አሉኝ። የባሏ ማመልከቻ እሳቸው እጅ ላይ ያለባት ሴት እኮ ብዙ ጥያቄ አትጠይቅም።

በቀጣዩ ሳምንት ማክሰኞ ጠዋት ፈቃድ ተሰጥቶኝ ቤቴ ገባሁ። ማንኪራ ያሉ ዘመዶቼ ከደን የተለቀመ እንጆሪና አንድ ጣሳ ማር ልከውልኛል። እንጆሪውን ከማሩ ጋር ድስት ውስጥ አንተከተክሁት፣ ወፈረልኝ። አናናስም ጥፍር በሚያህል መጠን ከተፍኩ። ቸኮሌቱን በቢላ ፈቀፈቅሁ። ፈረንጇ ክሬም የምትለው ነገር ቦንጋ ስለሌለ ወተት አፍልቼ ስልባቦቱን ሰበሰብኩ። ሙቁን ወተትና ስልባቦት ቸኮሌቱ ላይ ማፍሰስ፣ ማማሰል፣ ከዚያ ቅቤ መጨመር፣ ሲረጋ መሀሉ ላይ ፍራፍሬ እያደረጉ ማድቦልቦል ነው። በወሬ ቀላል ነው። ፈረንጇ «ለአንድ ኪሎ ቸኮሌት አንድ ማንኪያ ለጋ ቅቤ፣ እንዲያብረቀርቅ» ትላለች። ከገበያ በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ለጋ ቅቤ አምጥቼ ምድጃው አጠገብ አስቀምጫለሁ።

ልክ ቸኮሌቱና ወተቱ እንደተገናኙ የመሥሪያ ቤታችን ሹፌር በር ላይ ጠራኝ። ባነሩ ተሠርቶ መጥቷል፣ እይው ተብለሻል አለኝ። ወጣሁና ዘረጋነው። የእኔን ሁለት ክንድ ያህል ባነር ላይ ለቸኮሌቱ የደረሰው ቦታ የመዳፍ ያህል ነው፤ የቀረው የኃላፊዎች ፎቶ ነው። ስመለስ እናቴ ድስቱን ይዛ ታማስላለች። «እንዳይረጋብሽ ብዬ ቅቤውን ጨምሬልሻለሁ» አለችኝ። አመሰገንኳት። እናቴ ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው። ቤታችን ሁልጊዜ ቅቤ ቅቤ ነው የሚሸተው፤ ስለዚህ ምንም አልጠረጠርኩም። ለእንግዳ የተዘጋጀ ነገር ቀድሞ መቅመስ ነውር ነው ብላ ስላሳደገችኝም ጣቴን እንኳ አልላስኩም። መብራት ጠፍቶ ነበር፤ ግን ቦንጋ ራሷ ፍሪጅ አይደለች? ትሪውን ሸፍኜ መስኮቱ ሥር አስቀመጥኩ።

ጠዋት ስገልጠው ዓይኔን ማመን አቃተኝ። ጥቁር፣ ክብ፣ የሚያብረቀርቅ። እንዲያውም ከፈረንጇ ይበልጥ ያብረቀርቃል። አንዷ ጎኗ ተሰንጥቆ ስለነበር ለእንግዳ አትሆንም ብዬ አፌ ውስጥ ጨመርኳት። መጀመሪያ ቸኮሌት መጣ። ከዚያ እንጆሪ። ከዚያ ኮረሪማ። ከኮረሪማው ኋላ ኮሰረት፣ ከኮሰረቱ ኋላ ጥቁር አዝሙድ። መጨረሻ ላይ አፌ ክትፎ ጠበቀ፣ ክትፎው ግን አልመጣም።

«እማዬ፣ የትኛውን ቅቤ ነው የጨመርሽው?»

«የራሴን ነዋ።»

«ያ ገዝቼ ያስቀመጥኩትስ?»

እናቴ ስትቆጣ አማርኛዋን ትታ ወደ ካፊኖኖ ነው የምትገባው። ገባች። ባጭሩ የነገረችኝ እንዲህ ነው፤ እሷ በሕይወት እያለች ከዚህ ቤት ያልተነጠረ ቅቤ ለእንግዳ አይወጣም፣ ሰው ምን ይላል፣ ደግሞ ጥሬ ቅቤ ለማን ሆድ ነው የሚስማማው። ስንት ማንኪያ እንደጨመረች ስጠይቃት ወደ አማርኛ ተመለሰች።

«ምን ማንኪያ አለ? በጭልፋ ነው እንጂ።»

ምን ላድርግ? ሌላ ቸኮሌት የለ፣ ሌላ ጊዜ የለ። ትሪውን ታቅፌ ሄድኩ። አዳራሹ በር ላይ ጋሽ ወልዴን ሳገኛቸው ሁሉንም ነገርኳቸው። ፊታቸው ጠቆረ። ትንሽ አሰቡና «በቃ፣ ፈገግ በይ» አሉኝ። እኔ የታየኝ የአሥራት ማመልከቻ ነው። ከጠረጴዛው ተነሥቶ መሳቢያ ሲገባ፣ መሳቢያውም ሲቆለፍ ታየኝ።

የእንግዶቹ መሪ ነጠላቸውን አጣፍተው የለበሱ ረጋ ያሉ ሴትዮ ናቸው። ሁሉም እትዬ ይሏቸዋል። እኔ ቆሜ አስረዳሁ። እትዬ አንዷን ቸኮሌት በሁለት ጣታቸው አንሥተው ወደ አፋቸው ወሰዷት። ጋሽ ወልዴ ጣሪያውን ያያሉ። እትዬ አፋቸው አጠገብ ሲያደርሷት ቆም አሉ።

«ልጄ፣ ወተት አለበት?»

«አለበት፣ እትዬ።»

«ቅቤስ?»

«እሱም አለበት።» እንዴት የለበትም ልበል? በጭልፋ እኮ ነው።

«ዛሬ ሮብ አይደል እንዴ?» አሉ።

ሮብ ነው። ሦስት ኮሚቴ፣ ሦስት ቃለ ጉባኤ፣ አንድ ባነር፣ ሁሉም ሮብ ቀን። ጋሽ ወልዴ ራሳቸው እኮ ጿሚ ናቸው፤ ሰንበቴ አይቀሩም። እትዬ ቸኮሌቷን ምንም እንዳላደረገች ሁሉ በክብር ወደ ትሪው መለሷት። ያን ጊዜ ያነሡት ሁሉ መለሱ። ከእንግዶቹ ሁለቱ እንደኔው ጴንጤዎች ነበሩ፤ እነሱም መለሱ። አለቃ ያልበላውን ለመብላት ሃይማኖት ብቻውን አይበቃም። በሕይወቴ ጾምን እንደዚያን ቀን ወድጄው አላውቅም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ብነግራችሁ አታምኑኝም። ማድነቅ ጀመሩ። የማይበላ ነገር ለማድነቅ ይመቻል መሰለኝ። ስለ ክብነቱ ተናገሩ፤ ስለ ማብረቅረቁ ተናገሩ። አንደኛው እንግዳ ማይክራፎን ይዘው «ጣዕሙ ዓለም አቀፍ ደረጃውን የጠበቀ ነው» አሉ። ከምን ተነሥተው? አልጠየቅሁም። ተጨበጨበ። በባነሩ ፊት ቆመን ፎቶ ተነሣን። እትዬ ሲሰናበቱኝ ጉንጬን ስመው «እጅሽ ይባረክ» አሉኝ። አሜን አልኩ፤ ከልቤ ነው።

ቸኮሌቶቹንስ ማን በላቸው ትሉ ይሆናል። ማንም። ጋሽ ወልዴ «ይሄ እንግዲህ ቅርስ ነው» ብለው ከትሪው ጋር ዋንጫ ያለበት የመስታወት ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፉባቸው። ከጥቂት ቀናት በኋላ ነጭ ነገር ሲያወጡ ሰላም «ሻገተ» አለች። ጋሽ ወልዴ ነጭ ቸኮሌት የሚባልም እንዳለ አስረዷት።

ሐሙስ ጠዋት፣ ቃላቸውን ሳያጥፉ፣ የአሥራትን ዝውውር ፈረሙ። እኔ መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ደስ ብሎኝ ነው። ለእናቴ ስነግራት «ቅቤው ነው» አለችኝ። የቀመሰው የለም ብላት አልሰማችኝም።

አሁን ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። አሥራት ዕቃውን እየሸከፈ ሳለ ግን ሌላ ደብዳቤ መጣ። ይሄኛው ለእኔ ነው። «ባስመዘገቡት የላቀ ውጤት» ይላል መጀመሪያው። እንዲህ ብሎ የሚጀምር ደብዳቤ ስታዩ ቁጭ በሉ። ተሞክሮው ወደ ወረዳዎች እንዲስፋፋ ተወስኗል፤ አሠልጣኟ እኔ ነኝ። ፕሮጀክቱ ሥር እስኪሰድ ድረስ እዚያው እቀመጣለሁ። የት? ቢታ ገነት። ጋሽ ወልዴ ዘንድ ሮጥኩ። «ባልሽ እዚያ የሠራ ስለሆነ አገሩ አይከብድሽም ብለን እኮ ነው» አሉኝ። አዝነውልኝ ነው። ከፊታቸው ይታይ ነበር።

እኔ ስሄድ እሱ ሲመጣ መንገድ ላይ ባለች ሻይ ቤት ተገናኘን። የእሱ ፍራሽ በአንደኛው መኪና ላይ፣ የእኔ ፍራሽ በሌላኛው። ሻይ አዝዘን ተያየን። አሥራት ሸሚዙን እያሳየ «ደረቅ ነው» አለኝ። ሳቅሁ። ከዚያ ሹፌሮቹ ጥሩንባ ነፉ።

መንገዱን ሙሉ አሰብኩ። ስኬት ነው የለያየን። ስኬቱ ደግሞ የመጣው ሰው ስላልቀመሰው ነው። ስለዚህ ከተቀመሰ አለቀለት፤ እኔም ወደ ቤቴ። ቢታ ገነት እንደደረስኩ ሥልጠናው በየትኛው ቀን ይጀመር ሲሉኝ ለአፍታም አላመነታሁም። «ሐሙስ» አልኩ። የእናቴን ቅቤ በጣሳ ሙሉ ይዤ ነበር። ለጋ ቅቤማ እዚያም ሞልቷል፤ ሆነ ብዬ ነው ያልገዛሁት። እንደሷ በጭልፋ ጨመርኩ። አቀረብኩና እጄን አጣጥፌ ቆምኩ፣ ሲተፉት ላይ።

ማን ተፋው? አንዲት እናት ቀመሱ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ቀጥለው ሁለተኛ አነሡ። «ጥሩ ነው። ከምን ጋር ነው የሚበላው?» አሉኝ። መልሴንም ሳይጠብቁ ከቦርሳቸው ቆጮ አወጡ። ትሪው ሳይቆይ ባዶ ሆነ፤ ቀሪውን ከጎኑ እየጠረጉ ጨረሱት። እስከ ዛሬ ያሠለጠንኩት ሁሉ እንደዚያ በሙሉ ልብ አዳምጦኝ አያውቅም። ሪፖርቱን የጻፍኩት እኔ ራሴ ነኝ፤ ውሸት ብጽፍ ይበጀኝ ነበር፣ ግን ሰዎቹ ፈርመውበታል። አሁን ደግሞ ደካ የምትባል ሌላ ከተማም «ለእኛስ?» ብላ ጽፋለች።

አሥራት ቦንጋ ከእናቴ ጋር ነው የሚኖረው። ልብሱ ይደርቅለታል። ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ እኔ እንዳይመጣ ስብሰባ ይያዛል። ሚስቴን ልይ ብሎ ፈቃድ ሲጠይቅ ጋሽ ወልዴ ማመልከቻው ጫፍ ላይ «ይታያል» ብለው ጻፉበት። እኔ ደግሞ አንድ ቀን ቅቤ አለቀብኝና ለመሥሪያ ቤቱ አሳወቅሁ። ቅቤ በፕሮጀክቱ ሰነድ ላይ ግብዓት ይባላል። የግብዓት እጥረት ሥራ ያስተጓጉላል። ወዲያው መኪና ታዘዘ፣ ባለሙያ ተመደበ፣ የመስክ ፈቃድ ተፈረመ። ማን ይዞት ይምጣ? ቅቤው ያለበትን ቤት የሚያውቀው አሥራት ነዋ። ጣሳውን ታቅፎ መጣ፣ ሁለት ቀን ተቀመጠ።

እና አሁን ባልና ሚስት የምንገናኘው ቅቤ ሲያልቅ ነው። ፈረንጇ አንድ ማንኪያ ትላለች። እናቴ አንድ ጭልፋ። እኔ ሁለት ጭልፋ አድርጌዋለሁ።